ፓይተን ወይስ ጃቫስክሪፕት

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ ኅዳር 13

ዛሬም አልመረጥኩም። የመልመጃ ወረቀት የሚያወጣ ፕሮግራም በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ ልጻፈው እያልኩ ክረምቱ አለፈ። የአንደኛ ክፍል ልጆቼ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርዱታል፤ «ነ»ን ለብቻዋ ሳሳያቸው ግን ከላይ ጀምረው ካልቆጠሩ አያውቋትም። ስለዚህ ፊደሉን የሚያዘበራርቅ ወረቀት ያስፈልገኛል። በፓይተን ግማሽ አድርሼው ነበር። ፕሮግራሙን አደርስላችኋለሁ ያልኳቸው የአካባቢው መምህራን ኮምፒውተር እንደሌላቸው ትዝ ሲለኝ፣ ያለ ኔትወርክ በስልክ ይከፈት ብዬ ጃቫስክሪፕት ጀመርኩ። ፊደሉ ስልኩ ላይ እየተደራረበ ሲያስቸግረኝ ደግሞ ወደ ፓይተን ተመለስኩ።

ከሰዓት፣ ከነዚሁ መምህራን አንዷ፣ ማንኩሳ የሚያስተምሩት እትዬ ሙሉ ከገበያ ሲመለሱ ቤት ጎራ አሉ። ከሻሻቸው ቋጠሮ የብስኩት ካርቶን ቁራጮች ዘረገፉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጽፈውበታል። ክፍል ውስጥ እያደባለቁ ልጆቹን አንድ አንድ ካርቶን እያስወጡ ያስነብቧቸዋል።

«ሦስቱ ማንበብ ጀምረዋል» አሉኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አንገቴን ደፋሁ።

«ያንተስ ከምን ደረሰ?»

«የምጽፍበትን ቋንቋ እየመረጥኩ ነው፣ እትዬ።»

አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ ሻሻቸው እየመለሱ፣ «ይኸማ ያንተው እስኪደርስ ነው» አሉኝ።