ድልድዩን የማያልፈው አውቶቡስ

ልጄ፣ ባለሽበት ጤና ይክበብሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽንም ሳሉ ተሽሎታል።

ከድንበሩ ማዶ ያለችው አክስትሽ ግን ባለፈው ማክሰኞ አርፋለች። በስልክ ልነግርሽ አንደበቴ እምቢ አለኝ። ጠናባት ሲሉኝ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ የድንበሩ ድልድይ አፍ ላይ አቆመና፣ «እማማ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ወደ ማዶ አንሻገርም፤ ይውረዱ» አለኝ።

«እህቴ እኮ ናት የታመመችው» ብለውም አቀርቅሮ በሩን ከፈተልኝ።

በዚያ በሚያመኝ ጉልበቴ እያነከስኩ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ እጇ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። «መጣች ወይ?» እያለች ስትጠይቅ ነበር አሉኝ።

አደራ፣ ብቻሽን ሆነሽ አታልቅሺ፤ ምግብም አትተዪ። እኔ ጋ አንድም ፎቶዋ የለም፤ አብራችሁ የተነሳችሁት ካለሽ ላኪልኝ። ሐዘን ደጅሽን አይርገጥ።

እናትሽ