ያልተማርኩትን «ተምሯል» ተብሎ ስለተፈረመብኝ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 14

ጉዳዩ፦ በማኅደሬ የሰፈረው ሐሰት እንዲታረምና ለኩላሊት እጥበት ታካሚዎች እውነተኛ ትምህርት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በሙያዬ አናጺ ስሆን፣ ላለፉት ሰባት ወራት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት አራት ሰዓት፣ በእጥበት ክፍላችሁ ወንበር ቁጥር አምስት ላይ ደሜ ይታጠባል።

1. መርፌው የሚገባበት እንዲሆን በግራ ክንዴ ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ጥገና ተገጣጥመውልኝ ነበር። መገጣጠሚያው ቆዳዬ ሥር ያለማቋረጥ ይነዝር ነበር። ለምን እንደሚነዝር የነገረኝ አልነበረም። በዚያው ክንድ ጣውላ ስሸከም፣ ማታም ተንተርሼው ስተኛ ከረምኩ።

2. በመስከረም ወር አንድ እሑድ ጠዋት ንዝረቱ ጸጥ አለ። ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና፣ ደስ ነው ያለኝ። ባለቤቴን ጠርቼ «ነይማ ንኪው፣ ዳነ መሰለኝ» አልኳት። ነክታው ፊቷ በራ። ማክሰኞ ለእጥበት ስመጣ ሐኪሙ ማዳመጫውን ክንዴ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየና «ያኔውኑ ብትመጣ እኮ እናተርፈው ነበር» አለኝ። ለካ ንዝረቱ የደሙ ፍሰት ኖሯል፤ የደም ሥሩ በረጋ ደም ተዘግቷል። ዛሬ የምታጠበው አንገቴ ሥር በገባ ቱቦ ነው፤ የእንጨት ብናኝ እንዳይመርዘው ፈርቼ መጋዜን ሰቅያለሁ።

3. አቤት ብዬ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ስቀርብ ማኅደሬ ተገለጠ። «ታካሚው ስለ ክንዱ አያያዝ፣ ስለ ምግብና ስለ ውኃ ልክ ተምሯል፤ ገብቶታልም» የሚል አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ከሥሩ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ፊርማ አለ። የእኔም ፊርማ አንድ ቦታ ይገኛል። እሱ በመጀመሪያው ቀን ራሴን እያዞረኝ «የመርፌ ፈቃድ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ተብዬ የፈረምኩት ነው። ኮሚቴውም ቅሬታዬን መሠረት የለውም ብሎ ዘጋው።

4. ሲስተርን «እህቴ» ነበር የምላት። የመድኃኒት ቁም ሣጥኗ በር ሲገነጠል መሣሪያዬን ከቤት አምጥቼ የጠገንኩላት እኔ ነኝ። ስለ ክንዴ ስጠይቃት «አንተ ምን አስጨነቀህ፣ እኛ አለንልህ አይደል?» ትለኝ ነበር፤ አመንኳት። ለአሥራ ስድስት ታካሚ ሁለት ነርስ ብቻ እንደሆኑ አውቃለሁ። «ጊዜ አጥቼ ነው» ብትል ኖሮ ቅር አልሰኝም ነበር። እሷ ግን ኮሚቴው ፊት ዓይኔን ሳታይ «አስተምሬዋለሁ፤ እሱ ነው የማይሰማው» አለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ከክንዴ ይልቅ ይህ ቃል አሞኛል።

ስለዚህ ማኅደሬ እንዲታረምልኝ፣ ወንበር ላይ ታስረን በምንቀመጥበት አራት ሰዓት ውስጥ ሰውነታችንን እንዴት እንደምንጠብቅ እንድንማር፣ ታካሚውም የተነገረውን በራሱ አፍ መልሶ ሳይናገር «ገብቶታል» ተብሎ እንዳይጻፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ይህን ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ከጎኔ ባለው ወንበር አንዲት ልብስ ሰፊ ተቀምጣ ነበር። እጥበት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ጣቷን ይዤ የደም ሥሯ በተገጣጠመበት ክንዷ ላይ አስቀመጥኩና «ይሄ ንዝረት ካቆመ ሌሊትም ቢሆን ሩጪ» አልኳት። ደንግጣ አየችኝና «ሌላስ የማላውቀው ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ አናጺ ነኝ» አልኳት። መልሱን ከጽሕፈት ቤትዎ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የወንበር ቁጥር አምስት ታካሚ