እኛ ቤት መኪና ይንቀጠቀጣል

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። ስለ መኪናዋ ስደውልልህ ገና ሳልጨርስ "ካንዴላው ነው፣ ካንዴላው ነው" ብለህ ስለምትዘጋብኝ በወረቀት ልጽፍልህ ወሰንኩ። ወረቀት ላይ መሃል ገብተህ አታቋርጠኝም።

ወንድሜ ቤት አኩርፈህ ከተቀመጥክ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ መንቀጥቀጧን አልተወችም። አንዴ ከሄደች ደህና ናት። ስትነሳ ግን ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፣ መስታወቱ ይርገበገባል፣ እማዬ ደግሞ "ወገቤን!" ትላለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሐኪሙ ከወገቧ ቀዶ ጥገና በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ካቋረጠች እንደ ልቧ መራመዱን እንድትረሳው ነግሯታል። እሷ ግን በየመብራቱ ከምናጥ ይቅርብኝ ብላ ወደ ሕክምናው መሄዱን ተወችው። በታክሲ እንሂድ ስላት "መኪና እያለን?" ትለኛለች። ግትር ለግትር ነው የተጋባችሁት መቼም።

አንተ ካንዴላ አልክ፤ ካንዴላው ተቀየረ። ቀጥለህ ሞተሩን ደግፎ የሚይዘው ጎማ ነው አልክ፤ እሱም ተቀየረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። መካኒክ ጋ ልውሰዳት ብልህ "የእኔን እጅ ንቀሽ!" ብለህ ሻንጣህን አንስተህ ሄድክ። እኔም ወሰድኳት። መካኒኩ ፍሪሲዮኑን ሲያወርደው ውስጡ ያለው ሸራ ተቃጥሎ ጠቁሯል። አዲስ ገጠመልኝ። ተገላገልኩ ብዬ ከጋራዡ በር ስወጣ ያንኑ ጭፈራዋን ጀመረች።

ተመልሼ ገባሁ። እሱ ብቻውን ነድቷት ዞሮ መጣ፤ ምንም የለም። እኔ ስነዳት ተንቀጠቀጠች። እንደገና እሱ ነዳት፤ ምንም። "እህቴ፣ መኪናሽ ጤነኛ ናት" አለኝ። "እንግዲያው ሰው ትመርጣለች ማለት ነው" አልኩት፤ እየቀለድኩ አልነበረም። የወንድሜም መኪና እንዲሁ ናት፣ የእህቴም። "እኛ ቤት ፍሪሲዮን አይበረክትም" እያልክ አይደል ያሳደግኸን? ዕድላችን መስሎን ነበር እኮ!

ትናንት መካኒኩ የእማዬ ነገር አሳዝኖት ቤት ድረስ መጣ። እማዬን እንደ ምንም አባብለን ከኋላ አስቀመጥናት። መጀመሪያ እሱ ነዳ፤ ሳትነቃነቅ ተነሳች። መታጠፊያው ጋ ቆመን ቦታ ተቀያየርን። ማርሽ ሳስገባ እማዬ ከኋላ ጮኸች።

"ቆይ እስቲ! እሱ እኮ ወደ ፊት ነው የገፋው። አንቺ እንደ አባትሽ ወደ ኋላ ሳብሽው።"

መካኒኩ እጄን አየ። "በስንት ነው የምትነሺው?"

"በሁለት ነዋ! አንደኛ ለዳገት ነው።"

"ማነው እንደዚያ ያለሽ?"

"አባቴ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው።"

"እሱማ አንዳንድ የጭነት መኪና ባዶውን ሲሆን በሁለት ይነሳል፤ የቤት መኪና ግን በሁለት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል..." ብሎ ሊያስረዳኝ ሲጀምር እማዬ አቋረጠችው።

"ኧረ እሱ አይደለም ልጄ። ሰብሮት ነው።"

አባዬ፣ ሁሉንም ነገረችን። ሥራ በጀመርክ ሰሞን የዚያን የጭነት መኪና አንደኛ ማርሽ ሰበርከው። ባለቤቱ ከሰማ ያባርርሃል፤ እሷ ደግሞ እኔን አርግዛለች። ስለዚህ ደበቅከው። ለምን በሁለት እንደምትነሳ የጠየቀህን ሁሉ "አንደኛ ለዳገት ነው" ትለው ነበር። ዳገት ሲመጣስ? ዳገቱን ዞረህ ትሄድ ነበር አሉ! ከዚያ መኪናው ተቀየረ፣ ባለቤቱም ተቀየረ፣ አንተ ግን ቃልህን ሕግ አድርገህ ሦስታችንንም በዚያው አስተማርከን።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?" ብዬ እናቴ ላይ ጮህኩባት።

"አባትሽን ሰው ፊት ላሳፍረው? ደግሞ እኔ የመኪና ነገር ምን አውቃለሁ፤ በዚህ ምክንያት ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ" አለችኝ።

ማርሹን ወደ ፊት ገፋሁና ተነሳሁ። "ወገቤን!" እስክትል ጠበቅሁ፤ አላለችም። በመስታወቱ አየኋት። እንደ ልማዷ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ከአንተ ጋር በሄደችበት ሁሉ እንዲህ ይዛ ነበር፤ እኔ የእሷ አቀማመጥ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ቀስ ብላ ለቀቀችውና እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"እንዲህም ይነሳል ለካ" አለች።

በንዴት አለቀስኩ። በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒው ወሰድኳት።

ቅዳሜ ልንወስድህ እንመጣለን። እማዬ "አትቆጪው፣ ለእኛ ፈርቶ ነው" ብላኛለች። እኔ ግን እቆጣሃለሁ፤ ሰበርኩት ለማለት ዕድሜ ልክ አይፈጅም። ከኋላ ከእሷ አጠገብ ትቀመጣለህ። ስለ ካንዴላ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። ስነሳ ወደ ማርሹ ሳይሆን ወደ እጆቿ ተመልከት።

አሁንም የተናደደችው፣ የምትወድህ የመጀመሪያ ልጅህ