ስለ ጥንቸላችን ቤት፣ ለግንባታ ቁጥጥር ኃላፊው

ለተከበሩ አቶ ዓለምነው፣
የቀበሌያችን የግንባታ ቁጥጥር ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከጉና የሚወርደው ብርድ በዚህ ሰሞን ለማንም የሚራራ አይደለም፤ ሁልጊዜ በጊዜ የሚዘጋው የቢሮዎ በር ግን እርስዎን በሚገባ እንደሚጠብቅዎ ሳስብ ደስ ይለኛል።

እኔ ገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጥ ሰዓዲያ አብዱልቃድር ነኝ። ልጄ መሪማ አንበሳሜ ካለችው አክስቷ አንዲት ነጭ ጥንቸል በስጦታ አግኝታለች። በሰፈራችን ጥንቸል ማሳደግ ያልተለመደ ስለሆነ ጎረቤቶቻችን ልንበላት እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠይቀውናል። እርስዎ ምንም ሳይጠይቁ ስለመጡ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቅሬታዎቼንም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የቤቱን አሠራር በደንብ አላዩልንም። ጥንቸሏን መጀመሪያ ያኖርናት በካርቶን ውስጥ ነበር፤ ካርቶኑን በላችው። ከዚያ አናጺው ሙሉቀን በባሕር ዛፍ እንጨት አራት እግር ያለው፣ ከእርጥብ መሬት ከፍ ያለ ቤት ሠራላት። ወለሉን በሽቦ ሊያደርገው ሲል መሪማ የጥንቸሏን መዳፍ ያቆስላል ብላ ስለከለከለችው ሳንቃ ሆነና ገለባ ተጎዘጎዘበት። ፊት ለፊቱ ሽለምጥማጥ እጁን እንዳያሾልክ ጠበቅ ባለ ወንፊት ሽቦ ተሸፈነ፤ ጀርባው ለነፋሱ ተሰጠ፤ በአንዱ ጥግ ስትፈራ የምትሸሸግበት ጨለም ያለ ጓዳም ተበጀላት። እኔ ራሴ ስገባ የሚሞቀኝ ቤት የለኝም፣ ክቡር ሆይ።

ሁለተኛ፦ የጣሪያው ቆርቆሮ በተመታ ማግስት ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትለው መጡና ያለ ፈቃድ የተሠራ ተጨማሪ ክፍል መሆኑን አስታወቁን። ነዋሪዋ ጥንቸል መሆኗን ብነግርዎ፣ ሕጉ የነዋሪውን ዓይነት እንደማይለይ አስረዱኝ። እንዲህ ያለ እኩልነት በቢሮዎ ወረፋ ላይ አይቼ ስለማላውቅ ተደነቅሁ።

ሦስተኛ፦ ሰዎችዎ ቆርቆሮውን ሲያነሱት ጥንቸሏ ዘላ ወጣች፤ ክፍት በተተወው የግቢያችን በር አልፋም ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገባች። ከልኳንዳ ቤቱ አጠገብ የሚተኙት ውሾች ብድግ አሉ። መሪማ አላለቀሰችም፤ መሬት ላይ በደረቷ ተኝታ በቀስታ ትጣራት ጀመር። ደንብ አስከባሪዎቹ ቆርቆሮውን እንደያዙ ቆሙ። እኔ ውሾቹን በድንጋይ እያባረርኩ፣ በሆዴ እርስዎን የምረግምበትን ቃል እየመረጥኩ ነበር።

ያን ጊዜ ኮትዎን አውልቀው ሰጡኝ፤ ከልጄ ጎን ጭቃው ላይ ተኙና ክንድዎን እስከ ትከሻዎ ድረስ ወደ ቦዩ ሰደዱ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጥንቸሏን አወጧት፤ ግን ወዲያው አልሰጡንም፤ ደረትዎ ላይ አቅፈው ቆሙ።

«ልቧ እንዴት ነው እንዲህ የሚሮጠው?» አሉ።

«እርስዎን ፈርታ ነው» አለችዎ መሪማ።

የተመረጠው እርግማኔ እዚያው ጠፋብኝ፤ እስካሁንም አላገኘሁትም፤ ይህን እንደ በደል ይቁጠሩልኝ። ጥንቸሏን ለልጄ አስረከቡ፤ ቆርቆሮውን በገዛ እጅዎ መለሱት። ቀጥሎም ጎንበስ ብለው የቤቱን እግሮች አንድ በአንድ መረመሩና ለሰፈሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ውሳኔዎን ሰጡ፦ «እግር ያለው ነገር ግንባታ አይባልም፤ የቤት ዕቃ ነው። የቤት ዕቃ ደግሞ ፈቃድ አያስፈልገውም።»

ከዚያ ወዲህ ጎመን በኪስዎ ይዘው ለቁጥጥር ብቅ ማለት አብዝተዋል። የተቦረቦረውን መንገዳችንን ለማየት አንድም ቀን ጊዜ ያላገኙ ባለሥልጣን ለጥንቸል ይህን ያህል ጊዜ ማግኘትዎ ያኮራናል። ጥንቸሏም ከጓዳዋ ወጥታ ከእጅዎ መብላት ጀምራለች፤ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ሁሉ በቢሮዎ ላይ እምነት ያላት እስካሁን እሷ ብቻ ነች።

ሸሚዝዎ ላይ ስለቀረው ጭቃ ከልብ እያዘንኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ለቢሮዎም ረፋድ ላይ የሚከፈት በር እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሰዓዲያ አብዱልቃድር፣
የአንዲት ፈቃድ የማያስፈልጋት ነዋሪ አከራይ

ማስታወሻ፦ ውሳኔዎ በገበያው በፍጥነት ተሰምቷል። ባለ ሱቆቹ ከየሱቃቸው ሥር ብረት እያስበየዱ ነው፤ ቦዩን ዘግቶ የተሠራው የወንድምዎ ሱቅም ትናንት አራት እግር አብቅሏል። እንኳን ደስ አለዎት።