አሞራ አልነበረም

ጥር 27 ቀን 2010 ዓ.ም.
ጥድ ውኃ፣ ከሙጃ በታች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰብሌ አረጋ፣ ኮሪያ ላለሽው።

ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ድሮኖችሽን ይዞ የመጣው ምስክር እዚያ አገር ውኃው ከቧንቧው ውስጥ ይረጋል ብሎ ቢያወራኝ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ልብስ ደርቢ። ጥናት ጥናት ስትይ እህል መቅመስ እንዳትረሺ። አባት ስለሆንኩ ይህን አልኩሽ እንጂ ዛሬ የተቀመጥኩት ስለ ብርድ ልጽፍልሽ አይደለም።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትይኝ ይሆናል። ስልክ የሚይዘው አፋፉ ላይ ካለው ድንጋይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንዱ ሲያወራ ሌላው ተራውን ጠብቆ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። የኔን ጉድ ሰው እየሰማ አልናገረውም። ብቻዬን ብሆንም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በአፌ አይወጣልኝም። ምስክር ቅዳሜ የቀረ ዕቃውን ሊወስድ ይመጣል፤ ይህን ወረቀት አሽጌ እሰጠዋለሁ፣ ከአዲስ አበባ ይልክልሻል።

የጠየቅሽኝ ስለ አሞራው ነው። ስንት ነበሩ፣ ምን ዓይነት ነበሩ፣ በስንት ሰዓት ይወጣሉ ብለሻል። አስተማሪሽ «አሞራ የሚበዛበት ከሆነ ሁለተኛውን ሙከራ ሌላ ቦታ እናድርገው» እንዳሉ ሰምቻለሁ። አንቺም «ኔትወርክ የሚያሻግሩትን ድሮኖች ያቆምኩበት ቦታ ተሳስቶ ይሆን?» እያልሽ እንቅልፍ አጥተሻል አሉ። ተዪው ልጄ። ሥራሽ እንከን የለውም። አሞራ አልነበረም። አንድም አሞራ አልነበረም። መሃለኛዋን ድሮን ያስወረድኳት እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልንገርሽ። የምታውቂውንም እደግመዋለሁ፣ ካልደገምኩት ወደማታውቂው መሻገሪያ አላገኝም።

እናትሽ ጉልበቷን ከተሰበረች ወዲህ ድንጋዩ ጋ መውጣት አልቻለችም። አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ነው። ድሮ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየወጣች ከኢያቄም ጋር ታወራ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩን ይዤ የምወጣው እኔ፣ የወንድምሽን ሰላምታ ይዤ የምወርደው እኔ። አንቺም ይህን ሁሉ ድሮን ያሰብሽው «እናቴ ዳገቱን ካልቻለች ኔትወርኩን ወደ እሷ አወርደዋለሁ» ብለሽ ነው። ይህን ስሰማ ለጎረቤቱ ሁሉ ስኮራብሽ ነበር።

ኅዳር ላይ ድንጋዩ ጋ ቆሜ ሳለሁ አብዱልጀባር ደወለልኝ፤ ጅዳ ከወንድምሽ ጋር አንድ ክፍል የሚኖረው የወገል ጤናው ልጅ። ኢያቄም ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ በሁለተኛው ቀን ሞተ አለኝ። እንዴት ወደ ቤት እንደወረድኩ አላውቀውም። እናትሽ «ምን አለ?» አለችኝ። «ደኅና ነው» አልኳት።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ብርቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘው። እንዲሁ በሜዳ አይነገርም። እናም አዝመራው ይግባ አልኩ። አዝመራው ገባ። የገና ጾም ይፈታ አልኩ። ተፈታ። ከዚያ አንቺ ለፋሲካ እስክትመጪ ተባባልን፣ አንቺም እያለቀስሽ እሺ አልሽ። አገር ምድሩ አውቆ እሷ ብቻ ቀረች። አርባውን እንኳ ተደብቄ ሙጃ ነው ያወጣሁለት። መምሬ ተክለ ሚካኤል «አረጋ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሳይቀድምህ ቅደመው» ቢሉኝ፣ «እሺ አባቴ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ሄድኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

የማታውቂው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። እሑድ እሑድ ድንጋዩ ጋ መውጣቴን አልተውኩም። ብተው ትጠረጥራለች። እወጣለሁ፣ ሰው ከልጁ ጋር ሲያወራ እሰማለሁ፣ እወርዳለሁ። «ሥራ በዝቶበታል፣ እናቴን ሳምልኝ ብሏል» እላታለሁ። ውሸት ሲለምዱት ደግሞ ጌጥ ያሻዋል፤ አንድ እሑድ «የቤት ሽሮ አማረኝ ብሏል» አልኳት። ምን አስለፈለፈኝ! በማግሥቱ አተሯን አውርዳ መልቀም ጀመረች። ያንን ሁሉ ለፍታ፣ አስፈጭታ፣ በላስቲክ ቋጥራ፣ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ብላ ከአልጋችን በላይ ሰቀለችው። ከሥሩ እየተኛሁ ከረምኩልሽ።

ጥር 16 ቀን እነ ምስክር ሦስቱን ድሮን በበቅሎ ጭነው መጡ። ካርታሽን ዘርግተው መሃለኛዋን የት እንደምታቆሚያት ሲያሳዩኝ ግን ሳቄ መጣ። አይ ሰብሌ! እዚያ ቦታማ ጠሪ ቆሞበት አያውቅም! በኛ ጊዜ ቀብር ሲሆን፣ ስብሰባም ሲሆን፣ ሦስት ሰው በየሸንተረሩ ቆመን ነበር ከጥድ ውኃ እስከ ሙጃ የምንጠራው፣ አንዱ የሌላውን እየተቀበለ። ይህን ስነግረው ምስክር «አባባ፣ ድምፅ ገደሉን ዞሮ ያልፋል፣ የኛ ግን አይዞርም፤ ድሮኖቹ መተያየት አለባቸው» አለኝ። እንግዲያስ የድምፁን ቦታ ተወውና የጋቢውን ቦታ ልስጥህ አልኩት። ንፋስ ድምፃችንን ሲበላብን ጋቢ የምናውለበልብባቸው ቦታዎች ነበሩን፣ ሰውና ሰው በዓይን የሚገናኝባቸው። ከእነሱ በላይ አቆሟቸው። አንዷ ከድንጋዩ አናት ኔትወርኩን ተቀበለች፣ መሃለኛዋ አሻገረች፣ ሦስተኛዋ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ አወረደችው። ያዘ! ጥድ ውኃ ላይ ስልክ ጮኸ! ይህን ለአስተማሪሽ ንገሪያቸው።

የሚገርመው፣ ኔትወርክ ሊዘረጉ የመጡት ልጆች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አልነበራቸውም። የእጅ ራዲዮናቸው ገደል ውስጥ አልሠራ አለ። ስለዚህ እኔን ከሜዳው ዳር ያለው ዓለት ላይ አወጡኝ። ንፋስ ሲነሣ ወይ አሞራ ሲመጣ «አውርድ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ምስክር መሃለኛው ሸንተረር ላይ ሆኖ ሳይጠይቅ ያወርዳል። ስምምነታችን ይኸው ነበር።

አንቺ ከእናትሽ ጋር አራት ደቂቃ አወራሽ። ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ። እሷ «ማሽኑ ነው የሚያንቀጠቅጣት» አለች። ስትጨርሺ እልል ተባለ፣ እኔም ተመስገን አለፈ ብዬ ተነፈስኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እናትሽ ስልኩን ይዛው ለነበረችው ለምስክር ባልደረባ ለየአብስራ መለሰችላትና «አሁን ደግሞ ኢያቄምን አገናኚኝ» አለቻት።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ውባንቺ፣ ባትሪው አልቋል» አልኳት ከዓለቱ ላይ።

«የምን አልቋል ነው! ሃያ አምስት ደቂቃ ይቆያል ስትሉ አልነበር? ገና አሥርም አልሞላው!»

የአብስራ ምን ታውቃለች፣ እንግዳ ልጅ ናት፤ ደወለችላት። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁንም ከፍ አድርጋዋለች። የኢያቄም ስልክ ደግሞ አብዱልጀባር እጅ ነው የቀረው።

«ኢያቄሜ! እኔ ነኝ፣ እናትህ!»

ሌላ ድምፅ መልሶ፣ «እማማ ውባንቺ ነዎት? አብዱልጀባር ነኝ» አለ።

«አወቅሁህ ልጄ። ደኅና ነህ? እሱ ሥራ ሄዶ ነው?»

«እማማ… አልነገሩዎትም እንዴ?»

«ምኑን?»

«አላህ ያጽናዎት እማማ። ኢያቄም የለም። ኅዳር ላይ ነው የሞተው።»

ጎረቤታችን አሰለች ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ እናትሽ «ዝም በሉ!» ብላ ጮኸችባቸው። «ማንም እንዳያለቅስ! ልስማበት!» ሰው እንባውን ዋጠ። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችና «ንገረኝ ልጄ፣ ሁሉንም ንገረኝ» አለችው። ነገራት። ከስድስተኛ ፎቅ መውደቁን፣ ሁለት ቀን ሆስፒታል መተኛቱን፣ ለክርስቲያን በተከለለ መቃብር በገዛ እጁ አፈር ያለበሰው እሱ መሆኑን። «ተሠቃየ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። «አልዋሽዎትም እማማ፣ ተሠቃይቷል። ግን አእምሮው ደኅና ነበር፣ አደራም ሰጥቶኛል። ለእናቴ…»

ይኼኔ ነው የጮህኩት። «አሞራ! አሞራ መጣ! ምስክር፣ አውርድ!»

ለምን አትይኝ። መጀመሪያ ለራሴ «ሕመሙ በዝቶባታል፣ ትረፍ ብዬ ነው» አልኩ። አይደለም። ቀጥሎ «ለአያ አረጋ ያኔውኑ ነግሬያቸው ነበር» ይላታል ብዬ ፈርቼ ነው። ለራሴ ነው የጮህኩት። በዕድሜዬ ሙሉ ከዚያ ዓለት ላይ ሰው ስጠራ ያን ያህል ድምፅ አውጥቼ አላውቅም።

ምስክር ሳይጠይቅ አወረደ። ስልኩ ጸጥ አለ። እናትሽ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። የጥር ሰማይ ነው፣ ምንም የለበትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጆቹ በማግሥቱ ሲሄዱ «ያችን ነገር አንዴ ብቻ አውጡልኝ፣ ልጄ ምን እንዳለኝ ልስማ» ብላ የአብስራን እግሯን ያዘቻት። የማብረር ፈቃዳቸው አልቆ ነበር፤ ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። ምስክርም አሞራ ነው ብሎ ጻፈ፣ አምኖኝ ነው፣ አትቆጪው።

ቤታችን ለቅሶ ደራሽ አይጠፋበትም። እናትሽ ከሁሉም ጋር ታወራለች፣ ከእኔ ጋር ግን አታወራም። ውኃ እንኳ ከእጄ አትቀበልም። እኔ በየቀኑ ድንጋዩ ጋ እየወጣሁ ስደውል ሰነበትኩ። በዐረብኛ ምን እንደምትል የማላውቃት ሴት ናት የምትመልስልኝ። ዓርብ ዕለት አብዱልጀባርን አገኘሁት። ወረቀት የሌለውን ሰው ፖሊስ እየለቀመ ስለሆነ ተደብቆ ነው፤ ስልኩን የሚከፍተው አልፎ አልፎ ነው።

የቀረውን ቃል ነገረኝ። እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

«ለእናቴ ራስህ ንገራት። ለአባቴ እንዳትነግረው። አባቴን አውቀዋለሁ፤ አዘንኩላት ብሎ ይደብቃታል። እሷ ደግሞ ደኅና ነው እያለች መኖሯን አልወድም።»

«ለእርስዎ የነገርኩት ስልኩ እርስዎ እጅ ስለሆነብኝ ነው አያ አረጋ» አለኝ ልጁ። «አደራ በላሁ ብዬ ስጨነቅ ኖሬ፣ ድምፃቸውን ስሰማ አወጣሁት።»

እየሮጥኩ ወረድኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እናትሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። «ውባንቺ፣ አብዱልጀባርን አገኘሁት፤ ኢያቄም ያለውን ነገረኝ» አልኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«ዛሬስ ምን አማረው አለህ?»

ሁለት ወር ሙሉ የሐሰት ሰላምታ ሳመላልስላት ኖሬ፣ እውነቱን ይዤ ብወርድ ማን ይቀበለኝ? ደግሞም ልንገርሽ፤ ብትቀበለኝ እንኳ «አባቴ ይደብቃታል» የሚለውን ፊቷ ቆሜ የምልበት ወኔ አልነበረኝም። ያችን ቆርጬ ትቼ ነበር የምነግራት። ራሴን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለአስተማሪሽ «አሞራ የለም፣ የዋሸው አባቴ ነው» በያቸው። ዕፍረት አይያዝሽ፤ እኔ አፍሬ ጨርሻለሁ። ሁለተኛውን ሙከራ እዚሁ አድርጉት። ድሮኖቹን እዚያው የጋቢው ቦታ ላይ አቁሟቸው፣ አብዱልጀባርም በገዛ አፉ ይንገራት። ፋሲካን አትጠብቁ። ፖሊሶች ከያዙት እሱም ስልኩም አይገኙም፣ ያ ቃልም ከእኔ በቀር ሌላ ባለቤት አይኖረውም፤ እኔን ደግሞ አታምነኝም። በዚያን ቀን ዓለቱ ላይ ሌላ ሰው አቁሙ።

የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። እኔን የነሣኝን ድፍረት ለአንቺ ይስጥሽ። እጅሽ የሠራው ይባረክ፣ በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ።

እዚህ ላይ እናትሽ ሰላም ብላሻለች ብዬ መዝጋት ነበረብኝ፣ ወጉ ነው። አላለችም። እንደምጽፍልሽም አታውቅም።

አባትሽ
አረጋ