ስልኬ ያላሳየኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018

የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ዛሬ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። ዶክተሯ አንድ መንጋጋ ላይ ብዙ ቆየች። እኔ እንግዳ መቀበያው ጋ ስልኬን ይዤ... እንደ ሁልጊዜው። ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ነበሩ፣ ጉንጫቸውን በነጠላ ደግፈው የተቀመጡ። ድንገት፣ "ልጄ፣ ማን አስቀየመሽ?" አሉኝ።

"ማንም። ምነው?"

"ፊትሽ እኮ! ጥርሱን ያመመው እኔን ነው ወይስ አንቺን?"

ተሳሳቅን። ግን ምን እያየሁ ነበር? ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ላስታውስ ብል አቃተኝ። የሆነ ሰውዬ ይጮህ ነበር። አንዲት ሴትዮ ድስት ትፈትግ ነበር። ከዚያ በፊትስ? ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት ሁሉ የት ገባ?

ሰው ምን እንዳናደደው ሳያውቅ ይናደዳል እንዴ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ለራሴ ሥራ ሰጠሁ። ዛሬ ፌስቡክ ላይ የሚመጣልኝን ዝም ብሎ ማሳለፍ የለም። እያንዳንዱን... ማነው? እንዴት መጣ? መቼ ፎሎው አደረግኩት?

የቬሎ ኪራይ። የእህቴ ሠርግ ጊዜ ነው። እህቴ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፣ ቬሎው ግን አሁንም ይመጣል።

ዶሮ እርባታ። ዶሮ ላረባ ያሰብኩ ሰሞን። አንድም ዶሮ አልገዛሁም።

ዓረብ አገር ሥራ አለ የሚል ኤጀንሲ። ይሄን ደግሞ ማን አመጣው?

በየጠዋቱ "ይህን አይተህ ዝም ብለህ አትለፍ" የሚል አንድ ነቢይ ነኝ ባይ። ከዚያ ሁለት ሰዎች የሚሰዳደቡበት ገጽ፣ ከሥሩ ደግሞ የሰደበና የተሰደበ የማይታወቅበት የሕዝብ ጋጋታ። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ግን ሁልጊዜ ገብቼ አነባለሁ። ምን ላገኝ? እንጃ።

ለመሳይ አሳየሁት፣ ለዶክተሯ ረዳት። በስልክ ነገር እሱ ይሻለኛል።

"አንፎሎው በያቸዋ!"

"ይቀየሙኛል ብዬ እኮ..."

"እንዴት አውቀው? አንቺ ትተሽው ስትሄጂ ለእሱ የሚነግረው የለም። ጓደኛሽ እንኳን ቢሆን አያውቅም። ዝም ብለሽ ትጠፊበታለሽ፣ በቃ።"

ይቺ ነገር ከንክናኝ ዋለች። ማንም ሳያውቅ መጥፋት... ስንቱ ይሆን ከእኔ እንደዚህ የጠፋው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ቬሎው ሄደ። ዶሮዎቹ ሄዱ። ነቢዩም ተሸኘ፣ እሱን ስነካ እጄ ትንሽ ፈራ ተባ ብሏል። ኤጀንሲው በበር ሲባረር በመስኮት ይገባል፣ በሌላ ስም መጣ። ቤት እንደመጥረግ ነው... ሶፋ ስታነሺ ከሥሩ የሚወጣው ጉድ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አባዬ ዛሬም ስልክ ላይ አጎንብሼ አገኘኝ። ያን ሁሉ ዘመን ጎሚስታ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፣ የተቀደደ ነገር ካላየ አያምንም።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"የማልፈልጋቸውን እያስወጣሁ።"

"ጥሩ። የሚቀረው ማነው?"

ስለሚወጣው እንጂ ስለሚቀረው አስቤ አላውቅም ለካ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ፌስቡኩን ስከፍተው ጭር ብሏል። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀስ እያሉ ዝምተኞቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። የአጎቴ ልጅ፣ ትንሿ ልጇ የወተት ጥርሷን ነቅላ። አብራኝ የተማረች ሮዳስ፣ የግቢዋን ጽጌረዳ አንስታ፣ ሁለት ሰው ብቻ ላይክ ያደረገላት። እነዚህ ሁሉ እዚሁ ነበሩ? እየለጠፉ?

ከዚያ ቦንቱ መጣች።

ቦንቱና እኔ ቀጨኔ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ነው የቆምነው። እናቷ እማማ ሾዴ በሹራብ ማሽን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አልብሰዋል፣ እኔን ጨምሮ። እኛ አዲሱ ገበያ ገባን፣ እነሱ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጡ። መጀመሪያ እንደዋወል ነበር። ከዚያ መልእክት ሆነ። ከዚያ የልደት ቀን ብቻ። ከዚያ... ፌስቡክ ላይ ስላለች አብረን ያለን ይመስለኝ ነበር።

ያ ማሽን ነው ፎቶው ላይ ያለው። ከሥሩ "የሚሸጥ የሹራብ ማሽን። የእናቴ ነበር" ይላል።

ነበር?

እማማ ሾዴ ሥራ ትተው ይሆን? ዓይናቸው ደክሞ? ገጿን ከፍቼ ወደ ታች ወረድኩ። መስከረም... ክረምቱ... ሚያዝያ ላይ የእማማ ሾዴ ፎቶ። "እናቴ ወደ ጌታ ሄደች።" ከሥሩ ብዙ ሰው ጽፏል። የመዘምራን ልጆች ሁሉ።

እኔ የለሁም።

ሚያዝያ ላይ የት ነበርኩ? የትም። እዚሁ ስልኬ ላይ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለአባዬ ነገርኩት። እሱና እማማ ሾዴ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፣ ከሱሉልታ በኩል። መጀመሪያ አልገባውም፣ ደግሜ ነገርኩት። ቁጭ አለ።

"ሾዴ ሞታ እኔ ሳልቀብራት?"

"ሰፈሩ ተበታትኖ እኮ ነው፣ አባዬ። ማን ይንገረን?"

"ያ ስልክ ቀኑን ሙሉ እጅሽ ላይ አይደል እንዴ የሚውለው?"

እራት አልበላም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ስድስት ወር ሊሆነው ምንም አልቀረው። እንዲህ ከቆየ በኋላ ልቅሶ ይደረሳል? ምን ተብሎ ይገባል? ለቦንቱ ልጽፍላት ጀመርኩ። "ውዴ፣ አሁን ገና ነው..." አጠፋሁት። "እግዚአብሔር ያጽናሽ..." እሱንም አጠፋሁት። ልደውል ስል አባዬ አየኝ።

"ማን ጋ ነው?"

"ቦንቱ ጋ። እንደምንመጣ ልነግራት።"

"ልቅሶ ተደውሎ አይደረስም። ይኬዳል።"

"ብታባርረንስ?"

"ታባርረናለቻ። ሄደን ነው የምንባረረው።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሄድን።

አባዬ ጥቁር ኮቱን ለበሰ። ከታክሲ ወርደን ያንን ዳገት ስንወጣ ሁለቴ ቆመ፣ አረፍ እንበል ብለው እምቢ አለኝ። ቤታቸው ድሮ አንዴ መጥቼበታለሁ፣ በሩን አልረሳሁትም። አንኳኳን። ቦንቱ ከፈተች። ከስታለች። እኔን አየችኝ፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ከዚያ አባዬን አየች።

"አባባ ገለታ..."

አባዬ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሊላት ጀመረ። እዚያው በር ላይ አቀፈችው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ቆምኩ። ማልቀስ ይገባኛል? ለካ እንባዬም አፍሮ ነበር።

አባዬን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ወደ ኩሽና ስትገባ ተከተልኳት። ሻይ ልትጥድ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምታወራው።

"ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ቦንቱ... አላየሁትም ነበር። በእውነት። ባለፈው እሑድ ነው ያየሁት።"

"ሀሌ፣ አንቺ እኮ ከፌስቡክ ጠፍተሽ አታውቂም።"

"አውቃለሁ። ግን አልመጣልኝም።"

"ኮሜንቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው፣ ታውቂያለሽ? ለቅሶው ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ ሥራዬ እሱ ነበር። ያንቺን ፈለግኩ። እማዬን የምታውቂያት አንቺ ነሽ ብዬ... የሌላው ሰው ምን ያደርግልኛል?"

ምን ይባላል? ሻዩ መፍላት ጀመረ። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፣ ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ መጣ።

"እኔም እኮ አንፎሎው አድርጌሻለሁ። ቆይቷል። እማዬ ሳትታመም በፊት።"

"እኔን? ለምን?"

"ደከመኛ! በቀን ስንቴ 'አሜን በሉ'፣ 'ለአሥር ሰው ሼር አድርጉ'፣ 'ይሄን ስልክ ለመሸለም እዚህ ንኩ'... ጠልቼሽ አይደለም። ስንት ነገር ሆኜ ስከፍተው ያ ሁሉ ሲወርድብኝ..."

ልቀየም ፈልጌ ነበር። ግን ይልቁንስ ለማየት ጓጓሁ። "እስቲ ስልክሽን ስጪኝ፣ ራሴን ልየው" አልኳት። በእሷ ስልክ ገጼን ከፈትኩት። ነቢዩ። ምጥን ሽሮ የሚሸጥ ሰው። ነቢዩ። የሚሰዳደቡት ሰዎች፣ "እውነቱን ነው" ብዬ። የትኛው እውነት? ነቢዩ። ወረድኩ፣ ወረድኩ... አንድ የራሴ ቃል የለም። አንድ ፎቶ የለም። ይህ ሁሉ ዓመት ሰው ስሜን ሲከፍት ያገኘው ይህን ነው?

"የት ነው ያለሁት?" አልኩ።

"እኔም እሱን ነበር የምፈልገው" አለች ቦንቱ።

ሻይ ጠጣን። ማሽኑ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኗል። ቦንቱ ሐዋሳ ሆስፒታል ላብራቶሪ ሥራ አግኝታለች፣ ኅዳር ውስጥ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ዕቃውን የምትሸጠው። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ይህንንም በር ዝግ ነበር የማገኘው... ስንወጣ "መምጣታችሁ ጥሩ ነው" አለች። ናፍቀሽኛል አላለችም። ደግማችሁ ኑ አላለችም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ የጠራረግኩት የራሴን ገጽ ነው። የሰው ሳጸዳ ስሰነብት የራሴ ቆሻሻ ሰው ቤት ሲገባ ነበር ለካ። ሼር ያደረግኩትን ሁሉ እያጠፋሁ ሄድኩ። ሲያልቅ ባዶ ሆነ። ስም ብቻ፣ ሀሌሉያ ገለታ። ባዶነቱ አላስጠላኝም... ምን ይገባበት ይሆን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ከቦንቱ ምንም የለም። ዛሬም ደጋግሜ ገጿን ከፈትኩ። ልደውል? መብት አለኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ደወልኩ። የምለውን አላዘጋጀሁም። "አካም ቡልቴ?" አልኳት በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርሽ እንደማለት፣ ልጆች ሆነን እናቷን ሰላም እንደምንላቸው። ዘጋችብኝ ብዬ ስልኩን አየሁት፣ አልተዘጋም። እያለቀሰች ነበር።

"እንዲህ የሚለኝ ጠፍቶ ነው" አለች።

ከዚያ ብዙ አወራን። እማማ ሾዴ እንዴት እንደታመሙ፣ መጨረሻ ላይ የማንን ስም እንደጠሩ። ጠየቅኳት፣ ሁሉን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። የክሊኒኩ ስልክ ሲጮህ መሳይ አነሳልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ከቦንቱ ጋር ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄድን። ሐሳቡ የእሷ ነው፣ እናቷ ሳይታመሙ አንዴ ወስዳቸው ነበር። እማማ ሾዴ የዛፎቹን ስም በኦሮምኛ እየጠሩ፣ "ይሄን ደግሞ ማን ተክሎት ነው? እኛ ጋ እንዲሁ ነው የሚበቅለው" ይሉ ነበር አሉ። ሳቅን። ቦንቱ ዛፎቹን እያሳየችኝ ስማቸውን ለማስታወስ ስትሞክር ግማሹ ጠፋባት። አባዬን እንጠይቀዋለን አልኩ። ብርድ ነው፣ ግን ፀሐይ አለ። ማሽኑን አንዲት የቀጨኔ ሴት ገዝታ ወስዳዋለች። "ከፋሽ?" አልኳት። "ከቤት ሲወጣ አዎ። አሁን እየሠራ ነው ብዬ ሳስበው አይከፋኝም።"

ስንመለስ ክንዴን ያዘች። መዘምራን ሆነን ወደ ቤት ስንሄድ እንደምታደርገው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዕቃዋን ስናስር ዋልን። አባዬ ካርቶኖቹን በገመድ አሰረላት፣ የጎማ ዕቃ የሚያስር ነበር የሚመስለው፣ ማን ሊፈታው ነው! የዛፎቹንም ስም ነገራት። አንዱን እሱም ረስቶታል፣ ከዚያ ሁለቱ ሲከራከሩ ጊዜው ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሄደች። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆምኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ከእራት በፊት። ቦንቱ ፎቶ ለጥፋለች፣ የሐዋሳ ሐይቅ፣ ደመና ያለበት። ወዲያው ነው የመጣልኝ። ጣቴ የልብ ምልክቱን ሊነካ ሄዶ ነበር... ተውኩት። ደወልኩላት።

"ምን ሆንሽ?" አለች ደንግጣ።

"ምንም። ሐይቁን አየሁትና... ነፋስ አለ እንዴ? ውሃው ሞገድ ያለው መሰለኝ።"

"አለ እንጂ! አሁንም እዚያው ነኝ። ስሚ።"

ስልኩን ወደ ሐይቁ ያዘችልኝ መሰለኝ። መጀመሪያ ሽውታ ብቻ። ከዚያ ውሃው ድንጋይ ሲነካ። ከዚያ የሆነ ወፍ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ማን ነው?" አለ አባዬ።

"ቦንቱ ናት።"

"ምን ትላለች?"

"ምንም አላለችም። ሐይቁን እያሰማችኝ ነው።"

ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ ብዙ ቆየ።