ለጸሎት የሰጠሁሽ ስም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ፍኖተ ሰላም።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ያ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ቤተ ክርስቲያን የምትደርሺው እየተደገፍሽ ነው? እኔ ቡሬ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ማለት ከተቻለ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ድምፁን ከፍተሽ ጎረቤቱን ሁሉ ስለምታሰሚብኝ ነው። ይህንንም ለዲያቆኑ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢው። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

ለኪዳነ ምሕረት ማኅበራችሁ በጸሎት አሳስቢልኝ ብዬ ስሟን የሰጠሁሽ ልጅ ትዝ ትልሻለች? ወለተ ሥላሴ። የዓለም ስሟ አቻምየለሽ ነው፤ እኛ ዘይት ፋብሪካ ጠርሙስ ታሽጋለች። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ግን መድኃኒቷን ስለማታቋርጥ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጣላትም። የሐኪም ወረቀቷን ለእኔ የሰጠችኝ የሠራተኛውን ማኅደር የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው። ከእኔ እንዳይወጣ አደራ ብላኝ እሺ ብያታለሁ። አሳዘነችኝና የክርስትና ስሟን ጠየቅኳት። ደስ ብሏት ነገረችኝ።

በክርስትና ስሟ ማን ያውቃታል ብዬ ለአንቺ ነገርኩሽ፤ ከነበሽታዋ፣ ከነፋብሪካው። አንቺ በማኅበሩ ፊት ስታነሺው የክርስትና እናቷ እዚያው ኖራ ልጄን አቻምየለሽን ብላ አለቀሰች አልሽኝ። አጠገቧ የተቀመጠችው ግን የፈረቃ ኃላፊያችን የአቶ ደረሰ ሚስት ነበረች። ያንን አንቺም አላወቅሽ፣ እኔም የሰማሁት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

በሳምንቱ አብረዋት ምሳ የሚበሉት ሴቶች ሳህን ለዩባት። አቶ ደረሰ ማሽን ላይ ብትወድቅስ ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ነገረ። ሐኪም እንኳ ሳይጠይቁ አሰናበቷት። የስንብቱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ እምዬ፣ በእነዚህ እጆቼ። ስትቀበለኝ ምስጢሬን ማን እንዳወጣብኝ አጣሪልኝ ብላ ለመነችኝ። እኔን አልጠረጠረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ክስ መሥርታለች። ችሎቱ ማክሰኞ ነው። ምስክር ብላ የጠራችውም እኔን ነው፤ ወረቀቷን ቆልፌ እንደያዝኩላት እንድናገርላት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ራሷ ለጓደኞቿ ስታወራ ሰምቻለሁ በይ ይለኛል። እንዲያ ካልኩ እሷ ትሸነፋለች፣ እኔ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ያበቃልኛል፤ ምስጢር ያወጣ ይባረራል የሚለውን ደንብ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የማስፈርመው ራሴ ነኝ። የአንቺ መድኃኒት ከየት ይመጣል እያልኩ ሦስት ቀን ታመምኩ።

ግን በሐሰት ምዬ ከዚያ በኋላ ምን ፊት ይኖረኛል? ያወጣሁት እኔ ነኝ ልል ነው። ለማን ነገርሽ ሲሉኝ ለእናቴ እላለሁ። መጥሪያ ቢመጣብሽ እንዳትደነግጪ፤ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩልሽ። ክፉ አላሰብሽም፣ አውቃለሁ። እኔም አላሰብኩም። ልጅቷ ግን ከሥራዋ ወጥታ ቤቷ ተቀምጣለች።

ኪዳነ ምሕረት ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ። ማክሰኞ ጠዋት በጸሎት አስቢኝ። ብቻሽን ግን እናቴ። ስሜን ለማንም አትስጪ።

አደራ የበላችው ልጅሽ
ከቡሬ